ኤክስሬይና ኢቢኤስዲ ሲለያዩ የቱን ቴክስቸር እንመን?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። የተዳመጠ የአሉሚኒየም ላሜራ ቴክስቸር (ክሪስታሎቹ በየትኛው አቅጣጫ እንደተደረደሩ) ለክተሽ፣ ኤክስሬዩ ከፍተኛውን ዋጋ 7 ሲልሽ ኢቢኤስዲው (በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የክሪስታሎችን አቅጣጫ የሚለካው ዘዴ) 15 አለ። ቁጥሩ ክሪስታሎቹ በዘፈቀደ ቢደረደሩ ከሚኖረው ስንት እጥፍ እንደሆነ ነው የሚናገረው። «የቱን ልመን?» ብለሻል።

ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር መለካታቸውን አረጋግጪ።

ከጥልቀቱ ጀምሪ። በመዳብ ቱቦ የሚሠራ ኤክስሬይ አሉሚኒየም ውስጥ የሚያየው በአስር የሚቆጠሩ ማይክሮኖችን ነው። ኢቢኤስዲ ደግሞ በናኖሜትር የሚለካ ስስ ሽፋን ብቻ ያያል። ላሜራ ሲዳመጥ ከሮለሩ ጋር የሚፋተገው ገጽና መሃሉ የተለያየ ቴክስቸር ሊይዙ ይችላሉ። አንዱን በገጹ፣ ሌላውን በመሃሉ ከለካሽ ልዩነቱ የላሜራው ነው፤ መሣሪያው ምንም አላጠፋም። ስለዚህ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ግማሽ ውፍረቱ ፋቂው። ወረቀቱ ያበላሸውን ንብርብር በኮስቲክ ሶዳ አሟሚው። የሚቀረው ጥቁር እድፍ በናይትሪክ አሲድ ይለቃል። ጓንትና መነጽር እንዳትረሺ። ኤክስሬዩን እዚያ ላይ ለኪ፤ ከዚያ ያንኑ ገጽ ኤሌክትሮፖሊሽ አድርገሽ (በፈሳሽ ውስጥ በኤሌክትሪክ አለስልሰሽ) ወደ ኢቢኤስዲ ውሰጂው።

ብዙ ጊዜ የማየው ችግር ግን የግሬን (ብረቱን የሠሩት እያንዳንዱ ትንሽ ክሪስታል) ብዛት ነው። ግሬኖችሽ 50 ማይክሮን ገደማ ናቸው፣ የኢቢኤስዲ ካርታሽ ደግሞ 500 በ500 ማይክሮን ነው ብለሻል። እዚያ ውስጥ ያለው 100 ግሬን ያህል ብቻ ነው! በ1 ማይክሮን እርምጃ ስለሄድሽ ሶፍትዌሩ 250,000 ነጥብ ይቆጥርልሻል፤ በዚህ አትታለዪ። አንድን ሰው ሺህ ጊዜ ጠይቆ የሺህ ሰው ሐሳብ ሰበሰብኩ እንደማለት ነው። እርምጃውን 10 ማይክሮን አድርጊውና መድረኩን እያንቀሳቀስሽ 5 በ5 ሚሊሜትር ሸፍኚ። ነጥቡ ያው 250,000 ነው፤ ግሬኑ ግን ወደ 10,000 ይጠጋል። ለቴክስቸር ስሌት የግሬን ድንበር አሳምሮ መሳል አያስፈልግሽም።

ከዚያ ካርታውን ለሁለት ክፈዪና እያንዳንዱን ለብቻው አስዪው። ቁንጮዎቹ ቦታና ቁመት ከቀያየሩ ግሬኑ አሁንም አልበቃም። ሶፍትዌሩ ውጤቱን የሚያለሰልስበትን ስፋትም ከ5 ወደ 10 ዲግሪ ቀይረሽ እዪው። ከፍተኛው ዋጋ በጣም ከወረደ፣ ያ 15 የላሜራው ብቻ ሳይሆን የምርጫሽም ውጤት ነው። ሁለቱን መሣሪያዎች በከፍተኛ ዋጋ ብቻ ማወዳደር የማልወደው ለዚህ ነው። የኩብ፣ የብራስ፣ የኮፐርና የኤስ (በአሉሚኒየም ላሜራ የተለመዱ የክሪስታል አቅጣጫዎች ስሞች) ድርሻቸውን አወዳድሪ፤ እሱ ይሻላል።

ኤክስሬዩም የራሱ ጣጣ አለው። ናሙናው እያዘነበለ ሲሄድ ጨረሩ ገጹ ላይ ይለጠጥና የሚመለሰው ጉልበት ይወርዳል። ከ70 ዲግሪ ወዲያ ያለውን እኔ በጥርጣሬ ነው የማየው። የዚህን መውረድ ማስተካከያ በአሉሚኒየም ዱቄት፣ በዚያው ስሊት (ጨረሩን የሚያጠብበው ክፍተት) እና በዚያው አቀማመጥ ሥሪው። ዱቄቱን በኃይል አትጨፍልቂው፤ ራሱ ቴክስቸር ከያዘ ማስተካከያው ሁሉንም ያበላሻል።

አንድ ፈተና ግን በፍጹም አትዝለዪ። ናሙናውን ከለካሽ በኋላ በራሱ ገጽ ላይ 90 ዲግሪ አዙረሽ ድገሚው። ፖል ፊገሩ (የክሪስታሎቹን አቅጣጫ የሚያሳየው ክብ ሥዕል) አብሮ 90 ዲግሪ መዞር አለበት። አልዞርም ብሎ የቀረ ነገር ካለ ከመሣሪያው ወይም ከአቀማመጡ የመጣ ነው። ይህን ስታደርጊ ሶፍትዌሩ ላይ ያለውን የኦርቶሮምቢክ ናሙና ሲሜትሪ አጥፊው። እሱ ከተከፈተ የፖል ፊገሩን አራት ሩብ አንድ ዓይነት ናቸው ብሎ አማክሎ ያሳምረዋል፤ ናሙናው ጠምሞ ቢቀመጥም አታዪውም። ብዙ ቆንጆ ፖል ፊገር በዚህ መንገድ ነው የሚያታልለው።

ለጊዜው 15ቱን ጽሑፍሽ ውስጥ አታስገቢው። ያልተለሰለሰውን የ111 (የአንድ የክሪስታል ወለል መለያ ቁጥር) ፖል ፊገር ከሁለቱም መሣሪያ፣ ከየትኛው ጥልቀት እንደሆነ ጽፈሽ ብትለጥፊልን አብረን እናየዋለን።