የጎረቤት ሻማ፣ የድሮ ሸክላ እና ጾመ ነቢያት

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አይሁዳውያን የሆኑ አረጋውያን ጎረቤቶቻችን በየዓመቱ በዲሴምበር ከነልጆቼ ይጠሩናል። የሃኑካን ሻማ ካበሩ በኋላ የሃኑካንም የፈረንጆች ገናንም ዘፈኖች በድሮ ሸክላ እያፈራረቁ ያሰሙናል፤ ልጆቼ እጅግ ይወዱታል። ባለቤቴ ግን «ይህ ክርስቶስን መካድ ነው» ይለኛል። እውን ኃጢአት ነውን?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ የጎረቤትን ጥሪ አክብሮ መሄድ ክርስቶስን መካድ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስም የማያምን ሰው ስለሚጠራው ምእመን ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ (1ኛ ቆሮ. 10፥27) መሄዱን አልከለከለም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በባሕር ማዶ ካሉ ምእመናን ዘንድ ደጋግሞ ያጋጠመኝ ስሕተት ነው፤ ይኸውም ሃኑካን «የአይሁድ ገና» አድርጎ ማሰብ ነው። ከዚህ ከአንዱ ስሕተት የተነሣ አንዱ ከልደት ጋር የሚፎካከር በዓል መስሎት ይሸሸዋል፤ ሌላው ደግሞ «ሁለቱም ያው የብርድ ወራት ደስታ ናቸው» ብሎ ይቀላቅላቸዋል።

ሃኑካ የማንም ልደት አይደለም። የሶርያው ንጉሥ አንጥያኮስ ኤጲፋንስ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ በጣዖት መሥዋዕት ካረከሰው በኋላ፣ የአይሁድ የጦር መሪ የነበረው ይሁዳ መቃቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 ዓመት ገደማ አንጽቶ መሠዊያውን ያደሰበት የስምንት ቀን መታሰቢያ ነው። ታሪኩ የተጻፈው በግሪኩ ቀዳማዊ መቃብያን ምዕራፍ 4 ነው፤ የእኛ ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ግን ይህን ስለማይተርኩ ብዙዎች ፈልገው ያጡታል። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም ቢሆኑ በጥንት ሥርዓታቸው ሃኑካን አያከብሩም ነበርና ለእኛ እንግዳ ቢሆን አያስደንቅም።

ወንጌል ግን አልዘለለውም። ጌታችን በመቅደስ መታደስ በዓል፣ በክረምት፣ በሰሎሞን ደጅ መመላለሻ ይመላለስ እንደ ነበር ዮሐንስ ጽፎልናል (ዮሐ. 10፥22-23)። ምዕራፉ «መልካም እረኛ እኔ ነኝ» ያለበት፣ በጾመ ነቢያት ኖላዊ በምንለው ሰንበት የምንሰማው ያው ምዕራፍ ነው። በዚያ በዓል ላይ «እኔና አብ አንድ ነን» ብሎ መሰከረ፤ አይሁድም ሊወግሩት ድንጋይ አነሡ። ጌታችን በዓሉን አልሸሸም፤ ሰዎቹን ላለማስቀየም ብሎም ማንነቱን አልሸሸገም። እርስዎም በጎረቤትዎ ቤት ሲቀመጡ ይህን አብነት ይያዙ።

ስለ ሸክላዎቹ፣ ዜማ ብቻውን ሃይማኖት አይሸከምም። የሙዚቃ ደራሲው ሃንደል በ1747 ለንደን ላይ ለሕዝብ ባቀረበው፣ የይሁዳ መቃቢን ድል በሚተርከው ድርሰቱ ውስጥ የሚሰማ አንድ ዜማ ዛሬ በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት የትንሣኤ መዝሙር ነው፤ አይሁድም በዕብራይስጥ ቃል ለሃኑካ ይዘምሩታል። ቢንግ ክሮስቢ በ1942 ያስቀረጸውን «ነጭ ገና» የተሰኘ ዘፈን የደረሰው ኢርቪንግ በርሊንም በልጅነቱ ከሩሲያ ግዛት የተሰደደ አይሁዳዊ ነው። ግጥሙን ልብ ብለው ያድምጡት፤ በረዶና ናፍቆት አለበት፣ ቤተ ልሔም ግን የለችም። ይህን በመስማት ሃይማኖት አይጠፋም፤ ልደትም አይከበርበትም። ልጆችዎ ገናን በዚህ ብቻ ካወቁት፣ የስብከትን፣ የብርሃንንና የኖላዊን ሰንበታት ግን በስም እንኳ ካልለዩአቸው፣ ጥፋቱ የእነዚያ አረጋውያን ሳይሆን የእኛ የወላጆችና የመምህራን ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ልለዝብ አልችልም።

ስለዚህ ይሂዱ። ሻማው ሲበራ የሚደገመው ቡራኬ የእነርሱ ጸሎት ስለሆነ በጨዋነት ዝም ብለው ይቁሙ እንጂ አብረው አይድገሙ፤ ለልጆችዎም ምክንያቱን ከቤት ሳይወጡ ያስረዷቸው። ተፈቅፍቆ በዘይት የሚጠበሰው የድንች ቂጣ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበትና «ጾም ላይ ነን» ለማለት አይፈሩ፤ የምግብ ሥርዓት ምን ማለት እንደሆነ አይሁድ ያውቁታል፤ አይከፉብዎትም። ባለቤትዎን በክርክር አይርቱ፤ ለእምነቱ መቅናቱ መልካም ነውና ይህን መልስ አብራችሁ አንብባችሁ ለንስሐ አባታችሁ አሳዩ። ታኅሣሥ 29 ቀን ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ተራው የእናንተ ነው፤ አረጋውያኑን ጠርታችሁ አብሏቸው፣ ልጆቹም በሰንበት ትምህርት ቤት ያጠኑትን የልደት መዝሙር ያሰሟቸው። እንግዶቹ ስለ ማን እንደሚዘመር ቢጠይቁ፣ ልጆቹ ራሳቸው ይንገሯቸው።