ማክ ላይ «ከት» የት ገባ?

ጥያቄ፦ ሁሌም የምሠራው በዊንዶውስ ነበር። አሁን ከመሥሪያ ቤት ማክቡክ ተሰጠኝ። ፋይል ከት ማድረግ አቃተኝ። ኢንተር ስጫን ፋይሉ አይከፈትም። ፍላሼ ላይም ምንም መገልበጥ አልቻልኩም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይዞዎት፣ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። መጀመሪያ አውራ ጣትዎን ያስለምዱ። በኮንትሮል ይሠሩት የነበረው አብዛኛው ነገር እዚህ በኮማንድ ነው፤ ከስፔስ ባር ጎን ያለው ቁልፍ ማለት ነው። ኮፒ ኮማንድ ሲ፣ ፔስት ኮማንድ ቪ፣ ሴቭ ኮማንድ ኤስ።

ከት ግን ለየት ይላል። ኮማንድ ኤክስ ጽሑፍ ላይ ይሠራል፤ ፋይል ላይ አይሠራም። እዚህ «ይዛወር ወይስ ይባዛ» የሚለው የሚወሰነው ፋይሉን ሲያነሱት ሳይሆን ሲያስቀምጡት ነው። ስለዚህ ፋይሉን በኮማንድ ሲ ኮፒ ያድርጉ። የሚሄድበትን ፎልደር ይክፈቱ። እዚያ ኮማንድ ቪ ብቻ ካሉ ቅጂ ይሆናል። ኦፕሽን የሚለውን ቁልፍ ጨምረው ሦስቱን አንድ ላይ ከተጫኑ ግን ፋይሉ ከነበረበት ለቆ ይመጣል። እኔ እንዲያውም ይሄኛውን እመርጣለሁ፤ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሐሳብዎን መቀየር ይችላሉ።

ኢንተር ማክ ላይ የፋይል ስም መቀየሪያ ነው። ሳያስቡት ከተጫኑት ሌላ ፊደል ሳይነኩ ኤስኬፕ ይበሉ። ለመክፈት ኮማንድ ኦ፣ ለማጥፋት ኮማንድ ዲሊት።

ዋናው ጣጣ ፍላሹ ነው። ዊንዶውስ ላይ በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት የተደረገ ይመስለኛል። ማክ ይህን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ለማረጋገጥ ፍላሹን መርጠው ኮማንድ አይ ይጫኑ፤ ፎርማቱ ተጽፎ ያገኙታል። መፍትሔው በኤክስፋት እንደገና ፎርማት ማድረግ ነው፤ ዊንዶውስም ማክም ይጽፉበታል። ሥራው የሚሠራው ዲስክ ዩቲሊቲ በሚባለው ፕሮግራም ነው። ፎርማት ያለውን ሁሉ ስለሚጠርግ አስቀድመው ፋይሎቹን ወደ ማኩ ይገልብጡ። ኢሬዝ የሚለውን ከመጫንዎ በፊትም የመረጡት ፍላሹን መሆኑን ሁለቴ ይዩ። የማኩ ዲስክም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው።

ባይጠይቁኝም አንድ ልጨምር። ቀይዋ ነጥብ መስኮቱን ትዘጋለች እንጂ ፕሮግራሙን አብዛኛውን ጊዜ አትዘጋውም። ለዚያ ኮማንድ ኪው አለልዎት። ሀንግ ካደረገ ደግሞ ኮማንድ፣ ኦፕሽን እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። ከሚመጣው ዝርዝር እምቢ ያለውን መርጠው ፎርስ ኪዊት ይበሉ። ሴቭ ያላደረጉት ሥራ ግን አብሮ ሊሄድ ይችላል።