አገር ቤት ለምታሠሩ፦ የዕቃውን ዝርዝር ሳትጽፉ ገንዘብ አትላኩ

"አካባቢን የማይጎዳ ቤት ነው የማሠራው" የሚሉኝ ወገኖች እየበዙ ነው። ደስ ይለኛል። ከዚያ "ውሉ ላይ ምን ብላችሁ ጻፋችሁ?" ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ለኢንጂነሩ ነግሬዋለሁ።" መንገር አይበቃም! ተቋራጩ ዋጋ የሚሰጠው በተጻፈው ላይ ነው። የሚገዛውም የተጻፈውን ነው። ያልተጻፈውን ገበያ ላይ ባገኘው ርካሽ ዕቃ ይሞላዋል። እናንተም በኋላ ልትከራከሩት አትችሉም።

1. ወረቀት

ውክልና፣ የይዞታ ማረጋገጫና የግንባታ ፈቃድ ጨርሱ። ስለዚህ ብዙ ተብሏል፤ አልደግመውም።

2. የምትኖሩበትን አገር ዝርዝር አትገልብጡ

አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ቤት ውስጥ ብዙ ኃይል የሚበላው ማሞቂያ ነው። ስለዚህ እዚያ "ግሪን" ሲባል ሙቀት እንዳይወጣ የሚያግድ ወፍራም ሽፋን (ኢንሱሌሽን) እና ድርብርብ መስታወት ይመጣል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከምድር ወገብ የምትርቀውም 9 ዲግሪ ብቻ ነው። በደንብ የተሠራ ቤት ያለ ማሞቂያም ያለ ማቀዝቀዣም ይኖርበታል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ደግሞ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመጣ ነው።

እንግዲህ የደጋ ቤት አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ገና ሳትገቡበት ነው፦ በሲሚንቶው፣ በፌሮው፣ በአሉሚኒየሙና በመስታወቱ። ኢንሱሌሽን በመርከብ ከማስጫን እነዚህን አራቱን መቀነስ ይበልጣል። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ የምትሠሩ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እዚያ ጥላ፣ ንፋስ የሚያሳልፍ መስኮትና ሙቀት የሚከላከል ጣሪያ ይቅደም።

ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ቤት አያጓጓችሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዝቅ ስትል ታዛም አይመልሳት። ቤቱ ይግላል፤ ከዚያ ማቀዝቀዣ ይገዛል። ሰፋፊዎቹን መስኮቶች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ማዞር ፕላን ላይ ሳለ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

በቁጥር መነጋገር ከፈለጋችሁ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ ያዘጋጀው ኤጅ የሚባል መመዘኛ አለ። ከተለመደው ቤት ጋር እያነጻጸረ በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃ ቢያንስ 20 በመቶ ቁጠባ ይጠይቃል። አርክቴክታችሁ ይሥራበት።

3. ሲሚንቶና የቤቱ መጠን

ሲሚንቶ ሲመረት የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይቃጠላል። ከሚወጣው ካርቦን ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከድንጋዩ ነው። ስለዚህ ነዳጁን በመቀየር ብቻ አይጠፋም። የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው።

እናም የመጀመሪያው መፍትሔ ማሳነስ ነው። በሁለት ዓመት አንዴ ለጥቂት ሳምንት ለምትገቡበት ቤት ሰባት መኝታ ምን ያደርጋል? ዕድሜውን በሌሊት ሥራ የጨረሰ ሰው ዘበኛ ብቻ የሚኖርበት ፎቅ ሲያቆም ማየት ያንገበግበኛል። ማንም ባያድርበትም ሲሚንቶው ተቃጥሏል፣ ብረቱ ቀልጧል፣ አሸዋው ከወንዝ ተዝቋል። ገንዘቡም እናንተም አትመለሱም።

ቀጥሎ የሲሚንቶውን ዓይነት ለዩ። ፒፒሲ የሚባለው ከፊሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ካርቦኑ ኦፒሲ ከሚባለው ከተለመደው ሲሚንቶ ያንሳል። ለግንብና ለልስን ፒፒሲ ይሁን ብላችሁ ጻፉ። ለዓምድና ለወለል አርማታ መሐንዲሱ ይወስን። ፒፒሲ ጥንካሬ የሚያገኘው ቀስ ብሎ ነው። ቢያንስ 10 ቀን ውሃ ይጠጣ፣ አርማታው የፈሰሰበት ፎርምም ቶሎ አይፈታ። ይህም ይጻፍ።

4. ቀለምና ቦርድ

የቀለም እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን የለም ይላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ገደቡ 90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) ነው፤ ቁጥሩን ጻፉ፣ ማስረጃም ጠይቁ። ለቁም ሣጥንና ለኪችን ቦርድ፣ ከማጣበቂያው የሚወጣው ፎርማልዲሃይድ የሚባለው ጎጂ ጋዝ ኢ1 በሚባለው ዝቅተኛ ልቀት ደረጃ ይሁን። አስቤስቶስ ያለበት ቆርቆሮም ሆነ ቱቦ በጭራሽ አይግባ።

5. የዕቃ ለውጥ

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ሥራ ላይ እያላችሁ ስልክ ይደወላል። "ያ ዕቃ ጠፍቷል፣ ሌላ አለ፣ ያው ነው።" እናንተ ደክማችኋል፤ "እሺ" ትላላችሁ። በዚህች "እሺ" ስንት ጥሩ ዲዛይን እንደፈረሰ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ያው አይደለም! የአርማታ ጥንካሬ ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ይፈተሻል። ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ወይም እንጨቱ የተቆረጠበት ጫካ ግን በዓይን አይታይም። ስለዚህ ዕቃ ሲቀየር ቀድሞ የሚጠፋው እናንተ የከፈላችሁበት ነገር ነው።

ጣሳ ላይ የተለጠፈ አረንጓዴ ቅጠል ማስረጃ አይደለም። አምራቹ ራሱ ነው የለጠፈው። በአይኤስኦ 14025 መሠረት የተዘጋጀና በገለልተኛ ወገን የተረጋገጠ፣ ዕቃው በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በቁጥር የሚያሳይ መግለጫ ጠይቁ፤ ባለሙያዎች ኢፒዲ ይሉታል። ግን እሱም ቢሆን ዕቃው ጥሩ ነው አይልም። የዕቃውን ጉዳት ለክቶ ያሳያል እንጂ። ሁለት ተመሳሳይ ምርቶችን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ቁጥራቸውን ካላነጻጸራችሁ ወረቀት ብቻ ነው። እንጨት ኤፍኤስሲ ነው (በኃላፊነት ከሚተዳደር ጫካ የመጣ ነው) ከተባለ የሻጩ የምስክር ወረቀት ቁጥር ደረሰኙ ላይ መኖር አለበት። ከሌለ አትቀበሉ። አገር ውስጥ ወረቀቱን የሚያቀርብ አምራች ካልተገኘ ለወረቀቱ ብላችሁ ከባድ ዕቃ ባሕር አታሻግሩ። በቅርብ የሚገኘውን ድንጋይ፣ የተጠቀጠቀ የአፈር ብሎክና ፒፒሲ ምረጡ።

ክፍያውንም ከዚህ ጋር እሰሩት። ዘመድ ስለሆነ፣ ጎረቤት ስለሆነ ብላችሁ አትለፉት። ይህችን አንቀጽ ውሉ ውስጥ አስገቡ፦

"ተቋራጩ በዝርዝሩ ላይ ከተጻፈው ዕቃ ውጭ ሌላ መጠቀም ከፈለገ፣ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት የአምራቹን የቴክኒክ መግለጫና የአካባቢ ማስረጃ በጽሑፍ ያቀርባል። አማካሪ መሐንዲሱና ባለቤቱ በጽሑፍ ሳይፈቅዱ የገባ ዕቃ ክፍያ አይፈጸምበትም፤ ተቋራጩም በራሱ ወጪ ያነሳዋል።"