የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ያላለቀ ሥራ ይዞ መገናኘት

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የምንኖር ሰባት የሶፍትዌርና የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች ነን። ከሥራ ሰዓት ውጪ የምንሞክራቸውን ነገሮች በወር አንድ ቀን ተገናኝተን ለመተያየት አስበናል። ሆኖም ከመካከላችን አንዳንዶቹ አዳራሽ፣ ስፖንሰርና ታዋቂ ተናጋሪ ሳናገኝ መጀመር የለብንም ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ያልተጠናቀቀ ሥራ ብናሳይ ሐሳባችን ይወሰድብናል ብለው ይሰጋሉ። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አዳራሹም ስፖንሰሩም ለመጀመር አያስፈልጓችሁም። በዚህ ረገድ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሳው ስብስብ፣ ሆምብሩ ኮምፒዩተር ክለብ፣ የካቲት 26 ቀን 1967 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ በሜንሎ ፓርክ ከተማ፣ ጎርደን ፍሬንች በተባለ ሰው የመኪና ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ በሚያህሉ ሰዎች ተጀመረ። የመጡት ንግግር ለመስማት ሳይሆን አልቴር 8800 የተባለውንና ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥመውን ኮምፒዩተር በዓይናቸው ለማየት ነበር። ከእነርሱ አንዱ የነበረው፣ በኋላ ከአፕል ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ፣ አፕል 1 የተባለውን ማሽን በዚያው ክለብ አሳየ፤ የሰርኪዩት ንድፉንም ለአባላቱ በነፃ ያድል ነበር።

ከዚህ ክለብ ልትወስዱት የሚገባ ትልቁ ነገር ግን የስብሰባው አካሄድ ነው። አባላቱ በዝተው በስታንፎርድ ወደሚገኝ አዳራሽ ከተዛወሩ በኋላ፣ መድረኩን ይመራ የነበረው ሊ ፌልሰንስታይን ምሽቱን ለሁለት ከፈለው። በመጀመሪያው ክፍል እያንዳንዱ ሰው ተነሥቶ ምን እየሠራ እንደሆነ፣ ምን እንደቸገረውና ለሌላው የሚያካፍለው ምን እንዳለው ባጭሩ ይናገራል፤ በሁለተኛው ክፍል ሁሉም ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ቀድሞ ሲናገር የሰማውንና የሚፈልገውን ሰው ፈልጎ ያነጋግራል። የመጀመሪያው ክፍል ማን ምን እንደያዘ ያሳውቃል፤ ዕውቀት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ግን በሁለተኛው ነው። በእኛ አገር የተገኘሁባቸው በርካታ መድረኮች ይህን ገልብጠው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ንግግር አሰምተው ለሻይ ዐሥር ደቂቃ ይሰጣሉ፤ በዚያች ዐሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ችግር ገና መነጋገር ሲጀምሩ ተመለሱ ይባላሉ። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ አቅራቢ አምስት ደቂቃ ብቻ ስጡ። በስላይድ ፈንታ የሚሠራውን ነገር ራሱን፣ ኮዱን ወይም በሽቦ የተያያዘውን ቦርድ ያሳይ፤ ያቃተውንም ሳይሸሽግ ይናገር፤ ሰው ሊረዳው የሚችለው እዚያ ላይ ነውና። መብራትና ኢንተርኔት ሊቋረጡ ስለሚችሉ፣ ማሳያው ያለ ኔትወርክ በላፕቶፑ ላይ የሚሠራ ይሁን፤ ባትሪዎቻችሁን ሞልታችሁ፣ አንድ ዲቫይደርም ይዛችሁ ኑ። የጽዋ ማኅበር በየወሩ በማይለወጥ ቀን በየአባላቱ ቤት በተራ እንደሚዞር ሁሉ፣ እናንተም ቀኑን ቁርጥ አድርጉት፤ ሰባት ሰው ለአንድ ሳሎን አይበዛም። የጽዋ ማኅበር ሙሴ የሚባል መሪ እንደሚኖረው ሁሉ፣ ሰዓት የሚጠብቅና ዝም ያለውን አዲስ መጪ የሚያናግር አንድ ሰው ምረጡ።

ስለ ሐሳብ መወሰድ ያነሣችሁት ስጋት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በሕጉ ዓይን ሐሳቡና ሥራው ይለያያሉ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የጻፋችሁትን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይጠብቃል፤ ሐሳቡን ብቻውን ግን አይጠብቅም። ይህም ማለት ኮዳችሁን ገልብጦ የራሱ የሚያደርግ ሰው ሊጠየቅ ይችላል፤ ሐሳባችሁን ሰምቶ በራሱ መንገድ የሚሠራን ሰው ግን መከልከል አይቻልም። በእኔ እምነት፣ ሐሳቡን የሚሰማው ሰው ለወራት የደከማችሁበትን ሥራ በአንድ ምሽት ሊደርስበት ስለማይችል፣ ከማሳየት የምታገኙት እርዳታ ከስጋቱ ይበልጣል። ፓተንት (ለፈጠራ የሚሰጥ የባለቤትነት መብት) ልትጠይቁበት የምታስቡት የፈጠራ መሣሪያ ካለ ግን አዲስነት ከመመዘኛዎቹ አንዱ ስለሆነ፣ ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን አማክሩ። ለአሠሪዎቻችሁ የጻፋችሁትን ኮድም ያለ ፈቃዳቸው ወደ ስብሰባው አታምጡ።