ጊዜ የሚሄደው ከሥራው በፊት ነው

ውድ ልጆቼ፣

ከወላጆቻችሁ ቤት ወጥታችሁ የራሳችሁን ጎጆ መምራት ስትጀምሩ ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ነገር ትነግሩኛላችሁ። ቀኑ ለመሥሪያ ቤት፣ ምሽቱ ለታክሲ ሰልፍ፣ እሑድ ደግሞ ለልብስና ለወጥ ይሄዳል። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምርት ዕቅድ ክፍል ነው፤ እዚያ የተማርኩት ለቤትም እንደሚበጅ ስለማምን ይህን ጻፍኩላችሁ።

በፋብሪካ ጊዜ በብዛት የሚባክነው ማሽኑ ሲሠራ አይደለም። ከአንድ ዓይነት ጨርቅ ወደ ሌላው ሲዞር፣ ክሩ ሲቀየርና ሠራተኛው ቆሞ ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ ዕቅድ አውጪ ተመሳሳዩን ሥራ ሰብስቦ ባንድ ጊዜ ያሠራል። በቤትም መክተፊያ ማውጣቱ፣ ልጣጭ መጥረጉና ቢላ ማጠቡ ለአንድ ራስ ሽንኩርትም ለሦስት ኪሎም ያው ነው። ካውያው እስኪግል የምትጠብቁት ለአንድ ሸሚዝም ለስድስትም አይለይም።

እናቶቻችን ይህን ከማንም ቀድመው ያውቁ ነበር። ሽሮ ምሽት ላይ ቶሎ የሚደርሰው ለምን ይመስላችኋል? እህሉ የተለቀመው፣ የተቆላው፣ የተከካው፣ ከቅመሙ ጋር ወፍጮ ቤት የሄደው አስቀድሞ፣ ለወራት በሚበቃ መጠን ስለሆነ ነው። በርበሬውም፣ በሶውም፣ ድርቆሹም የዚሁ ብልሃት ልጆች ናቸው። ይህን ጓዳ አትናቁት።

እናንተ ልትጨምሩበት የምትችሉት ቁሌቱን ነው። የወጥ ጊዜ የሚያልቀው ሽንኩርቱ ላይ ነውና ቅዳሜ በትልቅ ድስት አንድ ጊዜ ሥሩት። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት በዝግታ ይቁላላ፤ ውሃው ሲመጥ ዘይቱንና በርበሬውን ጨምሩ፣ እንዳያርም ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ በደንብ አብስሉት። ሲበርድ ለአንድ ድስት በሚበቃ ልክ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ደጅ አይደር። ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማታ ደክሟችሁ ስትገቡ የምስር ክክ አጥባችሁ ከአንዱ ዕቃ ጋር መጣድ ብቻ ይቀራችኋል። ፍሪዘር የሌላችሁ ለሦስት ቀን የሚበቃውን ብቻ አዘጋጅታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ሽምብራ ወይም ባቄላ ለመቀቀል ካሰባችሁም ማታ ዘፍዝፋችሁት እደሩ፤ እሳቱም ጊዜውም ይቀንሳል።

እንጀራ ለብቻው ይታሰብ። ሊጡ እስኪቦካ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ አብሲትም ይጣልበታል፤ ቅዳሜ መጋገር የሚፈልግ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ያቡካ። ምጣዱ እስኪሰማ የሚወስደው ጊዜ ለአራት እንጀራም ለሃያም አንድ ስለሆነ ለአራት ብላችሁ አትለኩሱት። ብቻችሁን የምትኖሩ ግን ከጋጋሪ ብትገዙ ይሻላችኋል። ይህን ስንፍና የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ለአንድ ሰው ሙሉ ቀን ሊጥ መጠበቅ ለማንም አይጠቅምም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የልብስ ቀን የሚወሰነው በውሃው ነው። ከዋዜማው ነጩን ከባለቀለሙ ለዩ፣ የሚዘፈዘፈውን ዘፍዝፉ፤ ውሃው ሲመጣ በቀጥታ ወደ ማጠቡ ትገባላችሁ። ለክፍያ መሰለፍ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር፣ እንዲሁም በባንኮች የስልክ መተግበሪያ እየቀረ ነው፤ ከወሩ አንድ ቀን ለዩና ሁሉንም ባንድ ቁጭታ ጨርሱ። ቁልፍ፣ መታወቂያና የነገ ልብስ ከመኝታ በፊት ቦታቸውን ይያዙ።

ቡናን ግን አታሳጥሩ። ከጎረቤት ጋር ከአቦል እስከ በረካ የሚቀመጡበት ሰዓት የባከነ ጊዜ አይደለም፤ የተጠራቀመው ጊዜ ለእርሱ ይዋል።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ወንድም ያተረፈው ጊዜ እኅቱ ጓዳ ስለቆመች የተገኘ ከሆነ፣ የእርሷን ጊዜ ወሰደ እንጂ አላተረፈም። በፋብሪካችን የማለዳ ፈረቃ የሚገቡ ሴቶች ነበሩ፤ ሌሊት ጋግረው፣ ለልጆች ቁርስ አሰናድተው፣ ደክሟቸው ማሽን ፊት ይቆሙ ነበር። ባሎቻቸው በዚያው ሰዓት ተኝተው ነበር። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናትም ክፍያ የሌለውን የቤት ሥራ በብዛት የሚሸከሙት ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል። እነዚያን ሴቶች ሳስብ ዛሬም ልቤ ያዝናል። የትኛውም የቅዳሜ ዕቅድ ሸክሙ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እያለ ጊዜ አያተርፍም።

ስለዚህ ወንዶች ልጆቼ፣ ቁሌት መሥራት፣ ሸሚዛችሁን መተኮስ፣ ሊጥ ማቡካት ተማሩ። እኅቶቻችሁ እንዲያስተምሯችሁ ጠይቋቸው፤ ካስተማሯችሁ በኋላ ግን ከጓዳ ይውጡና ይረፉ። የመጪው ቅዳሜ ሽንኩርት በእናንተ ይከተፍ።