የማዘርቦርድ ዩኤስቢ ሄደር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ኮምፒውተር ስገጣጥም ከርሜያለሁ። ሰዉ ግራ የሚጋባው ፕሮሰሰሩ ላይ አይደለም፤ ከኬዙ ፊት የሚመጡትን ገመዶች ይዞ «ይሄ ደግሞ የት ነው የሚገባው?» ሲል ነው። የሚገቡት ሄደር ላይ ነው፤ ሄደር ማለት ቦርዱ ላይ በረድፍ የቆሙ ቀጫጭን የብረት መርፌዎች (ፒኖች) ናቸው። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ቦርዴ ላይ በሁለት ረድፍ ፒን የተደረደረባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፤ ሁሉም አንድ ይመስሉኛል። የዩኤስቢው የትኛው ነው?

መጀመሪያ አጠገቡ የታተመውን አንብብ፤ «ዩኤስቢ» የሚል አይጠፋም። ቀጥሎ የጎደለውን ፒን ፈልግ። የዩኤስቢ 2.0 ሄደር አምስት አምስት ሆኖ በሁለት ረድፍ ይደረደራል፤ ጥግ ላይ አንዱ የለም፤ ስለዚህ 9 ፒን ነው። የፊት ኦዲዮውም 9 ነው፤ የሱ ክፍተት ግን ጥግ ላይ ሳይሆን ከጥጉ አንድ ፒን ገባ ብሎ ነው። ችግሩ የፓወርና የሪሴት ቁልፍ ሄደርም ብዙ ጊዜ ጥጉ ላይ ይጎድለዋል። ስለዚህ ፒን ቆጥረህ ብቻ አትሰካ።

ቦርድህ አሮጌ ከሆነ ደግሞ አደራ፦ የፋየርዋይር (የድሮ ቪዲዮ ካሜራ ማገናኛ) ሄደር ቁርጥ የዩኤስቢን ይመስላል፤ የሚያወጣው ግን 12 ቮልት ነው። ዩኤስቢ የሚፈልገው 5 ነው። ፍላሽህን እንዳትሰናበተው።

ጥያቄ፦ የኔ ኬዝ ሽቦዎች በአንድ ሶኬት አልተያዙም፤ አንድ በአንድ ተበታትነዋል። ምን ላድርግ?

አይዞሽ፣ የድሮ ኬዝ ነው። ቀዩ 5 ቮልት፣ ነጩ ዳታ ማይነስ፣ አረንጓዴው ዳታ ፕላስ፣ ጥቁሩ ግራውንድ ነው። በዚሁ ቅደም ተከተል ከፒን 1 ጀምረሽ በአንድ ረድፍ ትሰኪያለሽ፤ ፒን የጎደለበት ጫፍ ወደ ጥቁሩ በኩል ነው። አንዱ ረድፍ ለአንድ ፖርት፣ ሌላው ለሁለተኛው። ነጭና አረንጓዴ ቢቀያየሩ ኮምፒውተሩ ፍላሹን አያውቀውም እንጂ ምንም አይቃጠልም። ቀይና ጥቁር ከተቀያየሩ ግን አለቀ። አንዳንዱ ኬዝ ቀለሙን ስለማይጠብቅ ጫፉ ላይ የተጻፈውን እመኚ።

ጥያቄ፦ ሰማያዊውን ወፍራም ገመድ ከሰካሁ በኋላ ኮምፒውተሩ ተነስቶ ከ15 ሰከንድ በኋላ ይጠፋል። ስክሪኑ ላይ ስለ ዩኤስቢ የሆነ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል።

ቦርዱ ዩኤስቢው ላይ ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ አየሁ እያለህ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ፒን ተጣሞ ጎረቤቱን ነክቷል። የዩኤስቢ 3.0 ሄደር 19 ፒን አለው፤ ፒኖቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ገመዱ ደግሞ ግትር ነው፤ ትንሽ አዘንብለህ ከገፋኸው ይታጠፋሉ። የኤሌክትሪክ ሶኬቱን ንቀል፣ ገመዱን አውጣ፣ በስልክህ መብራት ከላይ ሆነህ እይ። ከረድፉ የወጣች ፒን ካየህ በወረንጦ በቀስታ፣ በአንድ ጊዜ አቃናት። ደጋግመህ ካወዛወዝካት ትሰበራለች።

ሲነቀልም ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው። እኔ አንዴ ግራ ቀኝ እየወዘወዝኩ ስስብ ሰማያዊው ፕላስቲክ ከቦርዱ ተላቆ ከገመዱ ጋር መጣ። ፒኖቹ ራቁታቸውን ቀሩ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ጥያቄ፦ ኬዜ 3.0 ነው፣ ቦርዴ ግን 2.0 ሄደር ብቻ ነው ያለው።

ከ19 ወደ 9 ፒን የሚቀይር አዳፕተር አለ። ፖርቱ ይሠራል፤ ፍጥነቱ ግን ከ5 ጊጋቢት ወደ 480 ሜጋቢት በሰከንድ ይወርዳል። ለማውስና ለኪቦርድ ከበቂ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ የዋይፋይ ካርድ ገጠምኩ። ዋይፋዩ ይሠራል፣ ብሉቱዙ ግን የለም። ድራይቨር ሦስት ጊዜ ጫንኩ።

ድራይቨሩን ተወው። ከካርዱ ጋር ቀጭን ገመድ መጥቶልህ ነበር አይደል? ካርቶኑ ውስጥ ፈልገው። ዋይፋዩ በፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ ማለትም ካርዱ በተሰካበት ማስገቢያ፣ ነው የሚሄደው፤ ብሉቱዙ ግን በዩኤስቢ ነው። ገመዱን 9 ፒኑ ሄደር ላይ ሰካው።

ጥያቄ፦ ሄደር አለቀብኝ። አንዱን በሽቦ ለአራት መክፈል ይቻላል?

አንድ ባለ 9 ፒን ሄደር ሁለት ፖርት ስለሆነ ለሁለት መክፈል ይቻላል። ከዚያ በላይ ሽቦ ማባዛት አይሠራም፤ አንድ የዳታ መስመር ላይ ሁለት ዕቃ ሲገናኝ ይደበላለቃል። የራሱ ቺፕ ያለው የውስጥ ሃብ (አንዱን ፖርት ለብዙ የሚያካፍል ዕቃ) ግዛ፤ ከፓወር ሳፕላዩ በሳታ ገመድ ኃይል የሚወስደውን። ከአንድ የ2.0 ፖርት የሚገኘው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ ለአራት ዕቃ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሩን አጥፍቼም የማውሱ መብራት ይበራል። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ፓወር ሳፕላዩ ግድግዳው ላይ እስከተሰካ ድረስ ብዙ ቦርዶች ለዩኤስቢ 5 ቮልት መስጠት አያቆሙም። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ «ኢአርፒ» የሚለውን የኃይል ቁጠባ ምርጫ ብታበራው የማውሱ መብራት ይጠፋል። ሄደር ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ግን «ኮምፒውተሩ ጠፍቷል» ብላችሁ አትተማመኑ፤ ዋናውን ገመድ ከግድግዳው ንቀሉ።