ለጨለማ ማያ የኢንፍራሬድ ሌዘር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው ብርሃን) የሚያወጣ ሌዘርን ለሌሊት ማያ መሣሪያ ብርሃን ሰጪ ስለማድረግ ብዙ ጠይቃችኋል። ለዓይን ጉዳይ ረዘም ያለ መልስ ሰጥቻለሁ፤ ሆን ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ ኤልኢዲ እያለ ሌዘር ለምን?

መልስ፦ ለርቀት ነው። የኤልኢዲ ብርሃን ቶሎ ይበተናል፤ የሌዘር ጨረር ግን ተሰብስቦ ሩቅ ይደርሳል። የምታየው ክፍል ወይም ግቢ ከሆነ ኤልኢዲ ይበቃሃል። ሌዘር ውስጥ አትግባ።

ጥያቄ፦ የሞገድ ርዝመቱ (የብርሃኑ ዓይነት መለኪያ) 850 ናኖሜትር ይሁን ወይስ 940?

መልስ፦ እኔ 850ን እመርጣለሁ። ካሜራም የምስል ማጉያ ቱቦም (ደካማ ብርሃንን የሚያጎላው የሌሊት መነጽር ክፍል) በደንብ ያዩታል። ምንጩን ፊት ለፊት ያየ ሰው ግን ደብዘዝ ያለ ቀይ ነጥብ ሊያይ ይችላል። 940 ላይ ያ ነጥብ የለም፤ የካሜራው ምስል ግን ይደክማል። የሦስተኛው ትውልድ ቱቦማ ከ900 ገደማ በላይ ያለውን አያየውም ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የማይታይ ብርሃን ዓይንን እንዴት ይጎዳል?

መልስ፦ ዓይናችን አያየውም እንጂ ያስገባዋል። የዓይን ሌንስ ሰብስቦ ሬቲና (በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ላይ የመርፌ ጫፍ በምታህል ቦታ ያሳርፈዋል። ኃይለኛ የሚታይ ብርሃን ቢሆን በሩብ ሰከንድ ገደማ እንጨፍናለን። ለዚህኛው አንጨፍንም። ሬቲና ሕመም አይሰማውም፤ ስለዚህ ጉዳቱ የሚታወቀው ዕይታ ላይ ጥቁር ነጥብ ሲቀር ነው። ጨለማ ውስጥ ደግሞ የዓይን ብሌን ሰፍቶ ነው የሚቆየው። ከ500 ሚሊዋት ያለፈው ሌዘር፣ ደረጃ 4 የሚባለው፣ ከግድግዳ የተመለሰው ብርሃኑ እንኳ ሊጎዳ ይችላል። የፀሐይ መነጽር አያድንም። የምትሠሩበት የሞገድ ርዝመት የተጻፈበት የሌዘር መነጽር ያስፈልጋል። እባካችሁ፣ ያለሱ አትጀምሩ።

ጥያቄ፦ አረንጓዴ ሌዘር ጠቋሚ ፈትቼ ውስጡ ያለውን ኢንፍራሬድ ልጠቀም?

መልስ፦ ተው ወንድሜ። በብዙዎቹ ውስጥ 808 ናኖሜትር የሚያመነጭ ዳዮድ (ሌዘሩን የሚያወጣው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) አለ። ክሪስታሎቹ መጀመሪያ ወደ 1064፣ ከዚያ ወደ 532 ይቀይሩታል። ላዩ ላይ የተጻፈው ኃይል የአረንጓዴው ነው። የዳዮዱ ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ ክሪስታሎቹን ስታወጣ እሱ ነው ፊትህ የሚቀረው።

ጥያቄ፦ ጨረሩ ጠባብ ነጥብ ሆነብኝ። ምስሉም አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

መልስ፦ ነጥቡን ለማስፋት የፊት ሌንሱን ወደ ዳዮዱ አስጠጊው። አሸዋ የመሰለው የሌዘር ጠባይ ነው፤ ብርሃን በታኝ ሽፋን ይቀንሰዋል። የሰፋ ጨረር ለዓይንም ይሻላል፤ ጨረሩ ከሚወጣበት አፍ አጠገብ ግን አደጋው እንዳለ ነው።

ጥያቄ፦ ለሙቀት ካሜራስ ይጠቅማል?

መልስ፦ አይጠቅምም። እሱ የሚያየው ነገሮች ራሳቸው የሚለቁትን ሙቀት ነው።

ጥያቄ፦ ጭጋግ ሲኖር ምስሉ ነጭ ብቻ ይሆናል።

መልስ፦ ጨረሩ ከጭጋጉ ተመልሶ ካሜራው ውስጥ እየገባ ነው። ብርሃን ሰጪውን ሌዘር ከካሜራው አራርቀህ ትከለው።